ቀጣዩን ቁጥር የሚሰጠው ማነው?

ከሥራ ውላችሁ፣ በታክሲ ተጋፍታችሁ ስለ ቁጥር ለመስማት መምጣታችሁ ራሱ ምስጋና ይገባዋል።

የዛሬው ርእሴ አንድ ረድፍ ወደ ዳታቤዝ በገባ ቁጥር የሚሰጠው መለያ ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ የሚሄደው። ሠንጠረዥ ስትፈጥሩ ሁለት ቃል ትጽፉለትና ትረሱታላችሁ። እኔ ዛሬ የመጣሁት እንድትጠራጠሩት ለማድረግ ነው። ይህ ቁጥር የተቀጠረው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አንዱን ረድፍ ከሌላው ለመለየት። እኛ ግን ሳናስበው ቆጣሪ እናደርገዋለን፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደገባ መስካሪ እናደርገዋለን፣ የሒሳብ ሰነድ እናደርገዋለን፣ ይባስ ብሎም ምሥጢር ጠባቂ እናደርገዋለን። ከማነሣቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ትርፍ ሥራ የመጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ቁጥር ለምን አስፈለገ? ሰውን በስሙ መመዝገብ አይበቃም ወይ? በእኛ አገር ሶፍትዌር የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ኃይሌ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በኃ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በሐ፣ አራተኛው በሃ ይጽፈዋል። ለጆሮ አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ስላለው ለዳታቤዙ ግን አራት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ስንት ዓይነት እንደሚሆን ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ ማስታረቅ የነበረበት ሁሉ ያውቀዋል። የአባትና የአያት ስም ቢጨመርም ሦስቱም ስም የሚገጥምለት ሰው በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ አይጠፋም። ስልክ ቁጥርስ? ሰው ሲም ይቀይራል፤ የተወው ቁጥር ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል።

የዛሬዎቹን ዳታቤዞች መሠረት የጣለው የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ነው። ዝነኛ ጽሑፉን ያወጣው በ1970 ሲሆን (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እያንዳንዱ ረድፍ የሚለይበት ዋና ቁልፍ እንደሚያስፈልገው ያን ጊዜውኑ ጽፏል። በ1979 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ ደግሞ አንድ ሐሳብ ጨመረ፦ ሥርዓቱ ራሱ የሚያመነጨው ተተኪ መለያ። ተጠቃሚው መለያው እንዲፈጠር ወይም እንዲጠፋ ሊያደርግ ይችላል፤ ዋጋውን ግን አይወስነውም፤ አይታይለትምም። አይታይለትም የሚለውን ያዙልኝ። እኛ ዛሬ ያንኑ ቁጥር በድረ ገጽ አድራሻ ላይ፣ በደረሰኝ ላይ፣ በኤስኤምኤስ ላይ እናትመዋለን።

እሺ፣ ቁጥር ያስፈልጋል ብለን ተስማማን። ታዲያ ቀጣዩ ቁጥር ከየት ይመጣል? ለጀማሪ መጀመሪያ የሚታየው መልስ ይህ ነው፦ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ትልቁን ቁጥር አንብብ፣ አንድ ጨምር፣ አስገባ።

የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምታውቁ ትኖራላችሁ። ወጪ ደብዳቤ ሲመጣ ሠራተኛዋ መዝገቡን ትገልጣለች፤ የመጨረሻው ቁጥር 41 ከሆነ 42 ብላ ትጽፋለች። መዝገቡ አንድ፣ ሠራተኛዋም አንዲት እስከሆነች ድረስ አሠራሩ እንከን የለውም። አሁን ሁለት ሠራተኞች በሁለት መስኮት ተቀምጠው ያንኑ መዝገብ በየራሳቸው እንዲያዩ አድርጉ። ሁለቱም 41ን አነበቡ። ሁለቱም 42 ብለው ማኅተም መቱ። ማናቸውም አላጠፉም፤ ጥፋቱ ያለው በማንበብና በመጻፍ መካከል ባለችው ጊዜ ውስጥ ነው።

«ትራንዛክሽን ውስጥ አድርጌዋለሁ» የሚል አይጠፋም። አይበቃም። ፖስትግሬስም ሆነ ኦራክል በተለመደው አሠራራቸው አንዱ ትራንዛክሽን ሌላው ኮሚት ያላደረገውን ረድፍ አያሳዩትም። ስለዚህ ሁለቱም ትራንዛክሽኖች ያንኑ 41 አይተው 42 ይላሉ። ዓምዱ ላይ ድግግሞሽ የሚከለክል ገደብ ካለ አንደኛው ስሕተት ደርሶበት ይወድቃል፤ ይህ መልካሙ ዕድል ነው። ገደቡ ከሌለ ሁለት ሰዎች በአንድ ቁጥር ይመዘገባሉ፤ የሚታወቀውም የአንዱ ክፍያ በሌላው ስም ሲገባ ነው። ሠንጠረዡን በሙሉ ቆልፎ መሥራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ በር ይሰለፋል። የሚገርመው ደግሞ ላፕቶፕ ላይ ሲሞከር ይህ ዘዴ አንድም ቀን አይሳሳትም። እዚያ ያላችሁት እናንተ ብቻ ናችሁና።

ሌላም ጉድለት አለው። 42 ቁጥር ያለው ደንበኛ ተሰረዘ እንበል። ትልቁ ቁጥር ወደ 41 ተመለሰ፤ የሚቀጥለውም አዲስ ደንበኛ 42 ሆነ። በፋይል ቤት ያለው የቀድሞው 42 ውል፣ በኢሜይል የተላከው ሊንክ፣ በሌላ ሥርዓት ውስጥ የተቀመጠው ማጣቀሻ ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚያመለክተው ወደማያውቁት ሰው ነው። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ካልተነገረው በቀር የሚሠራው በዚሁ በትልቁ ላይ አንድ በመጨመር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ስለሚያስተናግድ ግጭት አይደርስበትም፤ የተሰረዘውን ቁጥር ግን መልሶ ሊሰጥ ይችላል። ያንን እንዳያደርግ ከፈለጋችሁ ኦቶኢንክሪመንት የሚለውን ቃል መጨመር አለባችሁ፤ ያን ጊዜ እስካሁን የሰጠውን ትልቁን ቁጥር በሌላ ሠንጠረዥ መዝግቦ ይይዛል።

ትልልቆቹ ዳታቤዞች የመረጡት መንገድ ቆጣሪውን ከረድፎቹ ነጥሎ ማስቀመጥ ነው። ቆጣሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፤ «ቀጣዩን ስጠኝ»። አንዴ የሰጠውን ደግሞ አይሰጥም። ኦራክልና ፖስትግሬስ ሲኩዌንስ ይሉታል፤ ማይኤስኪውኤል ኦቶ ኢንክሪመንት፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር አይደንቲቲ። የኦራክል ሰዎች እስከ 2013ቱ 12ሲ ድረስ ለየሠንጠረዡ ሲኩዌንስና ትሪገር በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ፖስትግሬስም አይደንቲቲ የሚለውን የስታንዳርድ አጻጻፍ የተቀበለው በ2017 በወጣው 10ኛው ዕትም ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው፤ ቆጣሪው ከትራንዛክሽን ውጭ ይኖራል። ትራንዛክሽናችሁ ቢሰረዝ፣ ሮልባክ ቢደረግ፣ ያስገባችሁት ረድፍ እንዳልነበረ ይሆናል። የወሰዳችሁት ቁጥር ግን አይመለስም። 42 አለ፣ 44 አለ፣ 43 የለም።

እዚህ ላይ ነው የሒሳብ ክፍሉ ስልክ የሚደውለው። «43 የት ገባ? ማን ሰረዘው?» ጥያቄው አግባብ አለው። ኦዲተር የደረሰኝ ጥራዝ ሲመረምር የጎደለ ቁጥር ካገኘ የጎደለ ገንዘብ መፈለጉ ያስተማሩት ነገር ነው። ፕሮግራመሩ ሮጦ ክፍተቱን ሊሞላ ይሞክራል፤ አንዳንዱም ሌሊት ሌሊት ቁጥሮቹን እንደገና የሚደረድር ፕሮግራም ይጽፋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

ክፍተቱ ለምን እንደሚፈጠር ከገባን ንዴቱ ይበርዳል። የተሰረዘ ትራንዛክሽን ቁጥሩን ይመልስ ብንል፣ 43ን የወሰደው ሰው ያጽድቀው ወይም ይተወው ሳይታወቅ ከኋላው ለመጣው 44ን መስጠት አይቻልም። እሱ እስኪወስን ሁሉም ይቆማል። ቆጣሪው ፍጥነቱን ያገኘው ወደ ኋላ ባለማየቱ ነው። በዚያ ላይ ክፍተት የሚመጣው ከሮልባክ ብቻ አይደለም። ኦራክል ካልተነገረው በቀር በአንድ ጊዜ 20 ቁጥር ወደ ማስታወሻው ይስባል፤ ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ያልተሰጡት ይባክናሉ። ፖስትግሬስ እስከ 32 ቁጥር ቀድሞ በሎጉ ይመዘግባል፤ ከብልሽት ሲነሣ እነዚያን ሊዘል ይችላል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2012 ዕትሙ ወዲህ ባልታሰበ መንገድ ጠፍቶ ሲነሣ በኢንት ዓምድ ላይ ቁጥሩ በ1,000 ይዘላል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለምትሠሩ ይህ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ትናንት 512 የነበረው ዛሬ ጠዋት ከ1,000 በላይ ሆኖ ያገኘ ሰው ሰርቨሩን ጠላፊ የነካው መስሎት መደንገጡ አይቀርም። «ካለ ተወው፣ ከሌለ አስገባ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው፤ ረድፉ ተደጋጋሚ ሆኖ ሲተው ቁጥሩ አስቀድሞ ወጥቷል።

ስለዚህ ክፍተት የማይፈቀድለት ቁጥር ካለ፣ እሱ ሌላ ቁጥር ነው። የሽያጭ ደረሰኝ ለምሳሌ። የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ በ226ኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ደረሰኝ ተከታታይ ቁጥር እንዲኖረው ያዛል። እንዲህ ላለው ሥራ ለብቻው ዓምድ ፍጠሩለት፤ አንድ ረድፍ ብቻ ያላት የቆጣሪ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ ደረሰኙ በሚጸድቅበት ትራንዛክሽን ውስጥ ያችን ረድፍ ቆልፋችሁ አንድ ጨምሩ። ትራንዛክሽኑ ቢወድቅ ቆጣሪዋም አብራ ትመለሳለች። ሰልፍ ይፈጠራል፤ አዎ። ነገር ግን በሰዓት ስንት ደረሰኝ ትቆርጣላችሁ? ሰልፉን የምትከፍሉት ሕግ በሚጠይቅበት ቦታ ብቻ ይሁን። የረድፉ መለያ እንደፈለገው ይዝለል፤ ኦዲተሩ እሱን አያየውም፤ ማየትም የለበትም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተል ልምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ትልቅ ቁጥር ያለው ረድፍ በኋላ የገባ ነው ብለን እናምናለን። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ አደጋውም ብዙውን ጊዜ እውነት መሆኑ ላይ ነው። አንድ ትራንዛክሽን 100ን ወሰደና ረጅም ሥራ ላይ ተጠመደ። ከኋላው የመጣው 101ን ወስዶ ወዲያው ኮሚት አደረገ። በዚያ መካከል ሠንጠረዡን ያየ ሰው 101ን ያገኛል፤ 100ን አያገኝም።

ከሽያጭ ዳታቤዝ ወደ ሪፖርት ዳታቤዝ አዳዲስ ረድፎችን በየደቂቃው የሚያሻግር ፕሮግራም አላችሁ እንበል። ፕሮግራሙ የሚጠይቀው «ባለፈው ካየሁት ትልቁ ቁጥር በላይ ያሉትን ስጡኝ» ብሎ ነው። 101ን አየና ምልክቱን 101 ላይ አደረገ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ 100 ብቅ አለ። ፕሮግራሙ ወደ ኋላ አይዞርም፤ ያ ሽያጭ ከሪፖርቱ እንደወጣ ቀረ። የስሕተት መልእክት የለም፤ ሎጉ ንጹሕ ነው። በወሩ መጨረሻ ሁለት ድምሮች አልገጥም ይላሉ፤ ልዩነቱ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ሰው ገንዘብ ተቀባይዋን ይጠረጥራል። ዳታቤዙ በብዙ ማሽኖች ላይ ሲሠራማ ይብሳል፤ በኦራክል ክላስተር አንደኛው ማሽን ከ1 እስከ 20፣ ሁለተኛው ከ21 እስከ 40 ያለውን ለየራሳቸው ይዘው ሲሰጡ፣ ከሰዓት የገባው 7 ጠዋት ከገባው 25 ያንሳል።

መውጫው ምንድን ነው? ቀላሉ፣ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ ማንበብና የተደገመውን መጣል ነው። የሚሻለው ደግሞ የዳታቤዙን የራሱን የለውጥ መዝገብ በኮሚት ቅደም ተከተል ማንበብ ነው፤ በማይኤስኪውኤል ቢንሎግ፣ በፖስትግሬስ ዋል የሚባለውን። የሰዓት ዓምድ ጨምሬ በሰዓት እለያለሁ የሚል ካለ፣ ሰዓቱም የሚጻፈው ከኮሚት በፊት ስለሆነ ያው በሽታ ይከተለዋል።

አንድ ታሪክ በዚህ መሃል ላንሣ፤ አዋቂ ሰዎች የሠሩት ነገር ምን ያህል ጊዜ ሳይታረም ሊኖር እንደሚችል ያሳያል። በማይኤስኪውኤል ውስጥ ኢኖዲቢ የተባለው ማከማቻ ቆጣሪውን የሚይዘው በማስታወሻ ብቻ ነበር። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቆጣሪውን ከምን ያገኘዋል? ከሠንጠረዡ ትልቁን ቁጥር አንብቦ አንድ ይጨምራል። ጀማሪውን አትሥራው ያልነውን ማለት ነው! የመጨረሻዎቹ ረድፎች ተሰርዘው ሰርቨሩ ከተነሣ የሞተው ቁጥር ይነሣል። ይህ ጉድለት 199 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት የተመዘገበው በ2003 ነበር። የታረመው ቆጣሪው በዲስክ እንዲጻፍ በተደረገበት በ8.0 ዕትም፣ በ2018 ነው። አሥራ አምስት ዓመት። አሮጌ ዕትም የምታሠሩ ሆናችሁ ረድፎችን ወደ ታሪክ ሠንጠረዥ አዛውሮ ከዋናው የመሰረዝ ልማድ ካላችሁ ዛሬውኑ አስቡበት።

የተሰጠውን ቁጥር መልሶ ስለማወቅ ብዙ አልልም። ካስገባችሁ በኋላ «ትልቁ ስንት ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ፖስትግሬስ ላይ ሪተርኒንግ በሉ። የማይኤስኪውኤሉ ላስት ኢንሰርት አይዲ የሚመልሰው የራሳችሁን ኮኔክሽን ቁጥር ስለሆነ አያሳስትም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ስኮፕ አይደንቲቲን ተጠቀሙ፤ ሁለት አት ምልክት ያለበት አሮጌው አይደንቲቲ ትሪገራችሁ ሌላ ሠንጠረዥ ውስጥ ያስገባውን ቁጥር ሊያቀብላችሁ ይችላል።

ቁጥር ያልቃል። ይህን ስል የሚስቅ አለ። የተለመደው ባለ 32 ቢት ኢንት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ሁለት ቢሊዮን ብዙ ይመስላል፤ በሰከንድ 1,000 ረድፍ የሚያስገባ ሥርዓት ግን 25 ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል።

ስላሽዶት የተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዜና ገጽ በኅዳር 2006 የአስተያየት ቁጥሩ 16,777,216 ላይ ሲደርስ መልስ መስጠት ቆመ። ያ ባለ 24 ቢት ዓምድ ጣሪያ ነው። የሚገርመው ዋናው መለያ ዓምድ ሰፊ ነበር፤ ጠባቡ «ይህ አስተያየት የማን መልስ ነው» የሚለውን የሚይዘው ዓምድ ነበር። ቤዝካምፕ የተባለው የሥራ ማስተባበሪያ አገልግሎት ደግሞ በኅዳር 8 ቀን 2018 የድርጊት መዝገብ ሠንጠረዡ 2,147,483,647 ላይ ደርሶ አንድም አዲስ ነገር መጻፍ አልቻለም። ደንበኞቹ ለአምስት ሰዓት ያህል የድሮውን ማንበብ እንጂ አዲስ ማስገባት አልቻሉም። ነገሩን መራራ ያደረገው ቤዝካምፕ ሩቢ ኦን ሬልስ የተባለው ታዋቂ ፍሬምወርክ የተወለደበት ቤት መሆኑ ነው። ሬልስ ከ2017ቱ 5.1 ዕትም ጀምሮ አዳዲስ ሠንጠረዦችን ራሱ ባለ 64 ቢት ያደርግ ነበር። መድኃኒቱን ለዓለም ያደሉት ሰዎች የራሳቸውን አሮጌ ሠንጠረዥ አላከሙም።

ባለ 64 ቢቱ ቢግኢንት በየሰከንዱ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ብታስገቡ ከ292 ሺህ ዓመት በላይ ይበቃችኋል። ዋጋው በረድፍ አራት ባይት ነው። እኔ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም፤ አዲስ ሠንጠረዥ ከሆነ ቢግኢንት በሉና ተኙ።

አሁን ወደ ምሥጢር ጠባቂነቱ። ተከታታይ ቁጥር ወሬኛ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተባባሪዎቹ አገሮች ጀርመን በወር ስንት ታንክ እንደምትሠራ ማወቅ ይፈልጉ ነበር። ሰላዮቹ በሰኔ 1940 ወደ 1,000 ገደማ ነው አሉ። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ግን በተማረኩ ታንኮች ላይ የተጻፉትን ተከታታይ ቁጥሮች ሰብስበው 169 አሉ። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ሰነድ ሲታይ 122 ሆኖ ተገኘ። በነሐሴ 1942 ደግሞ የሰላዮቹ ግምት 1,550፣ የቁጥሮቹ ግምት 327፣ እውነቱ 342። ስሌቱ የሚያስፈራ አይደለም፦ ያያችሁትን ትልቁን ቁጥር ውሰዱ፣ እሱኑ ባያችኋቸው ናሙናዎች ብዛት አካፍላችሁ ደምሩበት፣ አንድ ቀንሱ። አምስት ቁጥር አይታችሁ ትልቁ 60 ከሆነ ግምታችሁ 71 ነው።

ይህን ለማድረግ ዛሬ ታንክ መማረክ አያስፈልግም። ተፎካካሪያችሁ በወሩ መጀመሪያ አንድ ዕቃ ያዝዛል፤ የትእዛዝ ቁጥር 8,310 ይደርሰዋል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ያዝዛል፤ 8,905። ወርሃዊ ሽያጫችሁን ከባለ አክሲዮኖቻችሁ ቀድሞ አወቀ።

ከዚህ የከፋውም ደርሷል። በ2019 ጋዜጠኛው ብራያን ክሬብስ እንዳጋለጠው፣ ፈርስት አሜሪካን ፋይናንሻል በተባለው የአሜሪካ የቤትና መሬት ሽያጭ መድን ድርጅት ገጽ ላይ የአንድ ሰነድ ሊንክ ያለው ሰው በአድራሻው ውስጥ ያለውን ቁጥር በመቀየር ብቻ የሌላውን ሰው ሰነድ ማየት ይችል ነበር። 885 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የግብር ወረቀት፣ የብድር ውል ጭምር። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አልነበረም። ቁጥሩ በዘፈቀደ ቢሆን ኖሮ ይድኑ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሌባው ይደክም ነበር እንጂ በሩ ያው ክፍት ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ሲመጣ «ይህ ሰው ይህን ረድፍ ለማየት ፈቃድ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ኮድ ከሌለ መለያውን ማወሳሰብ አያድንም።

ሰዎችን ለሚመዘግብ ሥርዓት ግን ተከታታይ አለመሆኑ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። የእኛው ብሔራዊ መታወቂያ ፋይዳ የተገነባው ባንጋሎር ከሚገኝ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተነሣው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። በሞሲፕ ደንብ የሰው መለያ በዘፈቀደ የሚመነጭ እንጂ በተራ የሚሰጥ አይደለም፤ ጾታን፣ ዕድሜን፣ የትውልድ ቦታን አይናገርም፤ የመጨረሻዋ አኃዝም የአጻጻፍ ስሕተት መያዣ ናት። የፋይዳን ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይዛችሁ ከአጠገባችሁ ማን እንደተመዘገበ፣ ማን ማንን እንደቀደመ መናገር አትችሉም። ቁጥሮቹ በምዝገባው ሰዓት አይፈለሰፉም፤ አስቀድመው ተመርተው በክምችት ይቆያሉ፤ የሚመዘገበው ሰው ሲመጣ አንዱ ተወስዶ ይሰጠዋል። አሠራሩን አስተውሉት፤ ቆጣሪው የነበረበትን ጫና ወደ ትርፍ ጊዜ አዛወረው።

አንድ ዳታቤዝ አልበቃ ሲልስ? ፍሊከር በ2010 ያስተዋወቀው መላ ደስ ይለኛል። ሥራቸው ቁጥር መስጠት ብቻ የሆኑ ሁለት የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች አቆሙ። አንዱ ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ይሰጣል፤ ሌላው ሙሉ ቁጥር ብቻ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁለቱ ፈጽሞ አይጋጩም። አንዱ ወገን ከሌላው ቢቀድም ግድ አልሰጣቸውም፤ ከቁጥሩ የፈለጉት መለየቱን ብቻ ነበርና።

ትዊተር በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ ያዘ። ስኖውፍሌክ ያለው መለያ 64 ቢት ውስጥ ሦስት ነገር ያጭቃል፦ በ41 ቢት ሚሊ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ በ10 ቢት የማሽኑ ቁጥር፣ በ12 ቢት በዚያች ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያለ ተራ። እያንዳንዱ ማሽን ማንንም ሳይጠይቅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ እስከ 4,096 ቁጥር ይሰጣል፤ ሰዓቱም ወደ 69 ዓመት ይበቃል። የማሽኑ ሰዓት ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ድጋሚ ቁጥር እንዳይሰጥ ሥራ ያቆማል። ኢንስታግራም ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ ቢቶቹን 41፣ 13፣ 10 አድርጎ ከፋፈላቸውና በፖስትግሬስ ውስጥ በፈንክሽን ጻፈው። አዲሱ መለያ የወለደው አንድ ያልተጠበቀ ጣጣ ነበር፤ ጃቫስክሪፕት ሙሉ ቁጥርን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ብቻ ስለሆነ የትዊቶቹ የመጨረሻ አኃዞች በብራውዘር ውስጥ ይቀየሩ ነበር። ትዊተር ያንኑ መለያ በጽሑፍ መልክ ደግሞ ለመላክ ተገደደ። ቢግኢንት በሉና ተኙ ያልኳችሁ ሁሉ ይህችን አትርሱ፤ ወደ ብራውዘር ሲወጣ በጽሑፍ ይውጣ።

ከዚያ ዩዩአይዲ አለ፤ ማንም የትም ሊያመነጨው የሚችል ባለ 128 ቢት መለያ። አራተኛው ዓይነት 122 ቢቱ ዕጣ ነው። መጋጨቱ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ማከማቻው ነው። ኢኖዲቢ ረድፎቹን ራሳቸውን በዋናው ቁልፍ ቅደም ተከተል፣ በ16 ኪሎባይት ገጽ ገጽ እየከፋፈለ ያስቀምጣል። ተከታታይ ቁጥር ሁልጊዜ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያርፋል፤ ያ ገጽም በማስታወሻ ውስጥ ነው። ዕጣው ግን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እየገባ የሞሉ ገጾችን ይሰነጥቃል፤ ሠንጠረዡ ከማስታወሻው ሲበልጥ ዲስኩ ይጮኻል። በግንቦት 2024 በስታንዳርድነት የወጣው ሰባተኛው ዓይነት የመጀመሪያ 48 ቢቱን ለሰዓት ስለሰጠ ይህን አስታረቀ፤ ፖስትግሬስም በ2025ቱ 18ኛ ዕትሙ ራሱ ያመነጨዋል። ረድፉ መቼ እንደተፈጠረ ግን ላየው ሁሉ ይናገራል። የሕክምና ቀጠሮ ወይም የአቤቱታ ሠንጠረዥ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ራሴ የምመርጠውን ከጠየቃችሁኝ፦ ውስጥ ለውስጥ ባለ 64 ቢት ተራ ቁጥር፣ ወደ ውጭ ለሚታየው ደግሞ በሌላ ዓምድ የዘፈቀደ መለያ። ሁለት ዓምድ፣ ሁለት ኢንዴክስ፤ ትንሽ ወጪ አለው። ኤድጋር ኮድ በ1979 አይታይ ካለው የራቅነውን ያህል መመለሻችን ይኸው ነው።

የመጨረሻዋ ነገር ለእናንተ ሰኞ ዳታ ለምታዛውሩ ናት። የድሮውን ሥርዓት ረድፎች ከነቁጥራቸው ወደ ፖስትግሬስ ስታስገቡ ሲኩዌንሱ አያውቅም፤ ቁጥሩን እናንተ ስለሰጣችሁ አልተጠየቀም። 50 ሺህ ረድፍ ገብቶ እሱ ገና 1 ላይ ቆሟል። የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመዘገብ «ይህ ቁልፍ አለ» ብሎ ይወድቃል፤ ሰው ደግሞ ደጋግሞ ሲጫን ሲኩዌንሱ በየሙከራው አንድ አንድ እየጨመረ መውደቁን ይቀጥላል። ከማስገባታችሁ በኋላ ሴትቫል በሚለው ትእዛዝ ሲኩዌንሱን ከትልቁ ቁጥር ጋር አስተካክሉ። እግረ መንገዳችሁን እያንዳንዱ ሲኩዌንስ ከጣሪያው ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ ጥያቄ ጻፉና በየሳምንቱ አሂዱት፤ ወደ እሱ የሚያመለክቱትን የሌሎች ሠንጠረዦች ዓምዶች ስፋትም አብራችሁ እዩ፤ ስላሽዶትን የጣለው እሱ ነውና። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ማይክሮፎኑ ይደርሳችኋል።